ሁለተኛ ዙር የቲቢ መድኃኒት ከመጀመራችሁ በፊት

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። ታሪካቸውን የምነግራችሁ እናት "ለሌላው ይጥቀም፣ ጻፈው" ብለው ፈቅደውልኛል። ማንነታቸውን እንዳይገልጽ ጥቂት ነገር ቀይሬያለሁ።

የ57 ዓመት መምህርት ናቸው። ከልጃቸው ጋር ወደ ክፍሌ ሲገቡ ከመቀመጣቸው በፊት ግድግዳ ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ነርሷ የኦክስጅን መለኪያዋን ጣታቸው ላይ ብታደርግ ቁጥር አልወጣም። ሌላ ጣት ሞከረች። ባትሪ ቀየረች። አሁንም የለም። "ማሽኑ ተበላሽቷል መሰለኝ ዶክተር" አለችኝ። በራሷ ጣት ስትሞክረው ግን ወዲያው አነበበ።

እጃቸውን ያዝኩት። በረዶ ነው።

"እናቴ፣ እጅዎ ሁልጊዜ እንዲህ ይቀዘቅዛል?"

"ኧረ ይሄማ የቆየ ነው ልጄ። ጠዋት ውኃ ስነካ ጣቶቼ እንደ ጠመኔ ይነጣሉ፣ ከዚያ ይጠቁራሉ። የአዲስ አበባ ብርድ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አምስት ስድስት ዓመት ይሆነዋል።"

"ለሐኪም ነግረው ያውቃሉ?"

"ለሳል መጥቼ ስለ ጣት ምን ብዬ ላውራ?"

ልክ ናቸው። ማንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም ሳልና ጣት ይገናኛሉ ብለው የሚያስቡበት ምክንያት የለም። ይህን ማወቅ ያለብን እኛ ነን።

ልጃቸው ይዛ የመጣችው ፌስታል ውስጥ የ3 ዓመት ታሪክ አለ። መጀመሪያ "ብርድ ነው" ተብለው አሞክሲሲሊን ወሰዱ። ቀጥሎ አዚትሮማይሲን። ከዚያ "አለርጂ ነው"። ከዚያ "አስም ነው" ተብሎ የሚነፋ መድኃኒት ለ8 ወር። ሳሉም ድካሙም አልለቀቃቸውም። የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ድሮ ዘንቢል ተሸክመው የሚወጡትን ደረጃ አሁን በየፎቁ እየቆሙ ሆነ። ራጅ ተነሡ፣ በሁለቱም ሳንባ ታችኛው ክፍል ላይ ጥላ ታየ። አክታ አምጡ ተባሉ። "ደረቅ ሳል ነው፣ አክታ የለኝም" ቢሉም የግድ ስለሆነ ምራቃቸውን ሰጡ። ጂን ኤክስፐርት ምርመራው የቲቢ ባክቴሪያ አላገኘም። "ለማንኛውም" ተብሎ የ6 ወሩ የቲቢ መድኃኒት ተጀመረላቸው። አንድ ቀን ሳያጓድሉ ጨረሱ። እኔ ጋ የመጡት ሌላ ቦታ "መድኃኒቱን የተለማመደ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ሁለተኛ ዙር እንጀምር" ከተባሉ በኋላ ነው።

"ልጄ፣ ያንን ኪኒን እንደገና ልዋጠው ወይ?" ነበር ጥያቄያቸው።

ጀርባቸውን ሳዳምጥ፣ ወደ ታች ወገባቸው አካባቢ፣ ሲተነፍሱ የልጆች ጫማ ማጣበቂያ ሲላቀቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ሕክምናው ራሱ "የቬልክሮ ድምፅ" ይለዋል። የሳንባ ምች ድምፅም አይደለም፣ የአስም ፉጨትም አይደለም። እኚህ እናት ቲቢ የለባቸውም፤ ኖሮባቸውም እንደሆነ በሽታውን የሚያስረዳ ምንም ማስረጃ ፌስታሉ ውስጥ አላገኘሁም። ያለባቸው ኢንተርስቲሻል ላንግ ዲዚዝ ነው፣ በአጭሩ አይኤልዲ። (ስሙ ራሱ ትንፋሽ ይቆርጣል፣ አውቃለሁ።)

ምንድን ነው ይሄ ነገር? ሳንባችሁን እንደ እንጀራ አስቡት። ዓይኖቹ የአየር ከረጢቶቹ ናቸው። በዓይንና በዓይን መካከል ያለው ስስ ግድግዳ ደግሞ ኢንተርስቲሺየም የሚባለው ነው፤ ኦክስጅን ከአየር ወደ ደም የሚሻገረው በእሱ በኩል ነው። ትኩስ እንጀራ ይለጠጣል፣ ይታጠፋል። ድርቆሽ ሲሆንስ? በአይኤልዲ የሚሆነው ይህንኑ ይመስላል። ግድግዳው ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ በብዙዎቹ ዓይነቶች ውሎ አድሮ ጠባሳ ይሆናል። ሳንባው መለጠጥ ያቅተዋል፣ ኦክስጅን መሻገር ያቅተዋል። ሰውየው ሲቀመጥ ደህና ነው፤ ደረጃ ሲወጣ ይታወቅበታል።

አይኤልዲ አንድ በሽታ አይደለም። ከ200 በላይ የተለያዩ በሽታዎች በዚህ ስም ሥር ይጠራሉ። አንዳንዱ ከአቧራ ይመጣል፣ አንዳንዱ ከወፍ ላባና ኩስ፣ አንዳንዱ ሌላ በሽታ ለማከም ከምንውጠው ኪኒን፣ አንዳንዱ ሰውነት ራሱን ከሚያጠቃባቸው እንደ ሪህ መሰል የመገጣጠሚያ በሽታዎች። መነሻው ጨርሶ የማይታወቅም አለ።

አሁን የዛሬውን ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። በአገራችን ቲቢ መጠርጠር ስህተት አይደለም። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከመዘገባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ባክቴሪያው በምርመራ ሳይገኝም በምልክትና በራጅ ብቻ መድኃኒት ማስጀመር የሚፈቀድበት በቂ ምክንያት አለ፤ ብዙ ሕይወት አትርፏል። እኔን የሚያናድደኝ የመጀመሪያው ግምት አይደለም። የሚያናድደኝ ግምቱ ካልሠራ በኋላ ያንኑ ግምት መድገማችን ነው። ካርዱ ላይ አንዴ "ቲቢ" ተብሎ ከተጻፈ ቀጣዩ ሐኪም እሱን አንብቦ ይቀጥላል፤ የሚቀጥለውም እንደዚያው። ማንም ወደ መጀመሪያው ጥያቄ አይመለስም።

"ማንም" ስል ራሴንም ጨምሬ ነው። ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ከአዲስ አበባ ውጭ ስሠራ፣ አንድ የ40ዎቹ ዕድሜ አባወራ ለሁለተኛ ጊዜ የቲቢ መድኃኒት ያስጀመርኩት በገዛ እጄ ነው። ካርዱ ላይ ሥራው "የቀን ሠራተኛ" ይላል። ምን ዓይነት የቀን ሥራ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ለካ የድንጋይ ካባ ውስጥ ድንጋይ ሲፈልጥና ሲጠርብ ነው የኖረው። ሳንባው ላይ ያየሁት ጥላ ከድንጋይ ዱቄት የሚመጣው ሲሊኮሲስ መሆኑን ያወቅኩት ወደ ትልቅ ሆስፒታል ከተላከ በኋላ ነው። እውነት ነው፣ ሲሊኮሲስ ያለበት ሰው ቲቢ የመያዝ ዕድሉም ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ጥርጣሬዬ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አልነበረም። ግን እስከዛሬ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። "ቲቢ ነው፣ በ6 ወር ይድናል" ስላልኩት ጠዋት የእኔን ኪኒን እየዋጠ ቀን ካባው ውስጥ አቧራውን መሳብ ቀጠለ። ትክክለኛውን ስም ብነግረው ኖሮ የመጀመሪያው መድኃኒት ያንን ሥራ ማቆም ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት ወሬ። አዎ፣ ወሬ። አይኤልዲን በመፈለግ ረገድ ከብዙ ውድ ምርመራ የሚበልጠው ጥያቄ ነው። እኔ አሁን ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ከ2 ወር በላይ የቆየበትን ሰው የምጠይቀው ብዙዎቹን ያስቃል። ግቢያችሁ ውስጥ ዶሮ ወይም እርግብ አለ? የምትተኙበት ትራስ የላባ ነው? ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ሻጋታ አለ? ጠዋት ስትነሱ መገጣጠሚያችሁ ይተሳሰራል? ዓይንና አፋችሁ ይደርቃል? ቃር ያስቸግራችኋል? ድሮ ምን ሠርታችኋል፣ አሁን ያላችሁበትን ሥራ ብቻ ሳይሆን ከ20 ዓመት በፊት የነበረውን? ሲጋራስ? ከቤተሰብ በሳንባ ጠባሳ የሞተ አለ?

ስለ መድኃኒትም እጠይቃለሁ፤ ይሄ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን መከላከያ ተብሎ ለወራት የሚወሰድ ናይትሮፉራንቶይን ሳንባን ሊጎዳ ይችላል። ለልብ ምት መዛባት የሚሰጠው አሚዮዳሮንም። ለሪህ መሰል በሽታ የሚሰጠው ሜቶትሬክሴትም፣ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶችም እንዲሁ። ይሄን አንብባችሁ መድኃኒታችሁን እንዳታቆሙ! አብዛኛው ሰው ያለ ችግር ይወስዳቸዋል። ነገር ግን አዲስ ደረቅ ሳል ከጀመራችሁ የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ ዘርዝሩ። ስሙን ካላወቃችሁት ባዶ ማሸጊያውን ይዛችሁ ኑ፤ እኛ እናነበዋለን።

ከወሬው ቀጥሎ እጅና ጆሮ ይመጣል። ሐኪሙ ጀርባችሁን ወደ ታች ድረስ፣ ልብስ ገልጦ ማዳመጥ አለበት። በሹራብ ላይ የሚደረግ ማዳመጥ ለእኔ ማዳመጥ አይደለም። ጃኬት ራሱ ቅርርት ይላል እኮ! ያንን የቬልክሮ ድምፅ ሰምቶ "ልብ ደክሞ ሳንባ ውኃ ይዟል" ብሎ ላሲክስ የሚሰጥም አለ፤ ሽንት ይጨምራል፣ ድምፁ ግን እዚያው ይቀራል።

ጣትም መታየት አለበት። በቤታችሁ ልትሞክሩት የምትችሉት አንድ ነገር ላሳያችሁ። የሁለቱን እጃችሁን አመልካች ጣት ጥፍር ለጥፍር አጋጥሙና ወደ ብርሃን አንሡት። በጥፍሮቹ ሥር መካከል ትንሽ የዓልማዝ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ይታያችኋል። ቀዳዳው ከጠፋ የጣት ጫፍ እያበጠ ሊሆን ይችላል። ይህን ዘዴ ያስተዋወቀው ደቡብ አፍሪካዊው የልብ ሐኪም ሊዮ ሻምሮት ነው፤ በ1976 እ.ኤ.አ. ራሱ ታሞ በገዛ ጣቶቹ ላይ አይቶ ነው የጻፈው። የጣት ጫፍ ማበጥ በሌሎች የሳንባና የልብ በሽታዎችም ይመጣል፣ በብዙ የአይኤልዲ ታማሚዎች ላይ ደግሞ ጨርሶ አይኖርም። ስለዚህ ቀዳዳው አለ ብላችሁ አትጽናኑ፣ ጠፋ ብላችሁም አትሸበሩ፤ ለሐኪም አሳዩ።

ከዚያ መራመድ። ከኮቪድ ወዲህ ብዙ ቤት የኦክስጅን መለኪያ አለ። ሰው የሚሳሳተው ተቀምጦ ለክቶ "ደህና ነኝ" ማለቱ ላይ ነው። አይኤልዲ የሚደበቀው ወንበር ላይ ነው፣ የሚጋለጠው ኮሪደር ላይ። እኔ ታማሚዬን ለ6 ደቂቃ አስሄደዋለሁ፤ ቦታ ከሌለ ለ1 ደቂቃ ከወንበር ተነሥ ተቀመጥ እለዋለሁ። ቁጥሩ ከነበረበት በ4 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ምርመራው አላለቀም ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የጤነኛ ሰው ቁጥርም ከቆላ ሰው ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ከአንዱ ቁጥር ይልቅ መውረዱን እዩ። ጥፍር ቀለም ካለ አጥፉት። እጅ ከቀዘቀዘ ደግሞ መጀመሪያ አሙቁት።

የመምህርቷን እጅ ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ አቆየነው። ማሽኑ አነበበ፤ ተቀምጠው 92። ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ሲመላለሱ 83 ደረሰ። ከማሽኑ ይልቅ ጣቱ ነበር የታመመው።

ወደ ምርመራዎቹ ስንመጣ ራጅ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። አይኤልዲ ካለባቸው ሰዎች ከ10 አንድ ያህሉ ራጃቸው ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ጥላ ሲኖርም ቦታው ይናገራል። በአዋቂዎች ቲቢ ብዙውን ጊዜ የሳንባን የላይኛውን ክፍል ይወዳል፤ በሁለቱም በኩል ታችኛው ጠርዝ ላይ የተዘረጋ ጥላ ሲታይ "ሌላ ነገር ይሆን?" ማለት ተገቢ ነው። (ሲሊኮሲስና ሳርኮይዶሲስ የሚባለው በሽታ ግን እንደ ቲቢ ላይኛውን ስለሚወዱ ይህ ብቻውን አይበቃም።)

ዋናው ምርመራ ሲቲ ስካን ነው። እዚህ ላይ ገንዘባችሁ እንዳይባክን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሚያስፈልገው ኤችአርሲቲ የሚባለው፣ ሳንባውን በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስስ ስስ አድርጎ የሚያሳየው ነው። ለዚህ በደም ሥር የሚሰጥ ማቅለሚያ አያስፈልገውም። ስትነሡ አየር በደንብ ስባችሁ ያዙ ትባላላችሁ፤ በሆድ ተኝታችሁ ወይም አየር አስወጥታችሁ ተጨማሪ ምስል ሊነሣም ይችላል። ግማሽ ትንፋሽ ላይ የተነሣ ምስል ጤነኛውን ሳንባ በሽተኛ ያስመስላል። ስትጨርሱ የተጻፈውን ወረቀት ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ሲዲውን ተቀበሉ። የሳንባ ሐኪም ማየት የሚፈልገው ምስሉን ነው። የድሮ ራጆቻችሁንም አትጣሉ። የዛሬ 3 ዓመት ፊልም ከዛሬው ጎን ሲቆም በሽታው በምን ፍጥነት እንደሚሄድ የሚነግረን እሱ ብቻ ነው። የመምህርቷ ልጅ ያንን ፌስታል ባታስቀምጠው ኖሮ ግማሹን ሥራ እናጣ ነበር።

ሁለተኛው የትንፋሽ መለኪያ ነው፣ ስፓይሮሜትሪ። ይሄን በተመለከተ አቋሜ ጠንከር ያለ ነው። በ50ዎቹ ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳል የጀመረው ሰው ስፓይሮሜትሪ ሳይነፋ "አስም አለብህ" ተብሎ ዕድሜ ልክ የሚነፋ መድኃኒት ሊታዘዝለት አይገባም። በአስም ቧንቧው ስለሚጠብ አየሩ የሚወጣው በዝግታ ነው። በአይኤልዲ ግን ቧንቧው ክፍት ነው፤ የጠበበው ከረጢቱ ነው። አየሩ ቶሎ ይወጣል፣ መጠኑ ግን ያንሳል። አንድ ጊዜ በደንብ መንፋት ይለያቸዋል። መምህርቷ 8 ወር ሙሉ ለማያስፈልጋቸው መድኃኒት ከፍለዋል።

ቀሪውን በአጭሩ፤ የመገጣጠሚያና የቆዳ በሽታዎችን የሚፈልጉ የደም ምርመራዎች አሉ፣ ለተወሰኑት በብሮንኮስኮፒ ሳንባን ማጠብ፣ ለጥቂቶች ደግሞ ናሙና መውሰድ። ሁሉም ሰው መቀደድ የለበትም። በሲቲው ላይ የሳንባው ታችኛ ጠርዝ ልክ እንደ ማር እንጀራ ተቦርቡሮ ከታየና ሌላ መነሻ ካልተገኘ፣ ዓለም አቀፉ መመሪያ ናሙና ሳይወሰድ በሽታውን መሰየም ይፈቅዳል። ከናሙናው ይልቅ የሚያስፈልገው ሦስት ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ የሳንባ ሐኪም፣ ምስሉን የሚያነበው ራዲዮሎጂስት፣ እንደ አስፈላጊነቱ የመገጣጠሚያ ሐኪም ወይም ፓቶሎጂስት። በዓለም ላይ አይኤልዲ የሚለየው በዚህ ዓይነት ውይይት ነው። እኛ አገር የሳንባ ሰብ ስፔሻሊስቶች ሥልጠና በጥቁር አንበሳ የተጀመረው በ2013 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ቁጥራቸው ገና ጥቂት ነው። ግን በቴሌግራም ምስል ተላልኮ መመካከር ማንን ይከለክላል? እኛ የመምህርቷን እንዲያ ነው ያደረግነው።

አሁን በውስጥ መስመር ሁሌ ወደሚደርሰኝ ጥያቄ ልምጣ፤ የሥራ ባልደረቦቼም ይሉኛል። "እሺ፣ አወቅከው እንበል። ጠባሳ አይድን፣ መድኃኒቱ ውድ ነው፣ እንደ ልብ አይገኝም። ማወቁ ምን ይጠቅማል?"

ክርክሩ ከባድ ስለሆነ በቀላሉ አላልፈውም። እውነት ነው፣ ጠባሳ የሆነ ሳንባ ተመልሶ ትኩስ እንጀራ አይሆንም። መነሻው የማይታወቀውና ብዙ ጊዜ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑትን የሚይዘው አይፒኤፍ የሚባለው ዓይነት ካልታከመ ከታወቀበት ጊዜ ጀምሮ የብዙዎቹ ዕድሜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ገደማ ነው። የጠባሳውን ፍጥነት የሚቀንሱት ፒርፌኒዶንና ኒንቴዳኒብ በአሜሪካ የተፈቀዱት በ2014 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያዘገያሉ እንጂ አያድኑም፣ ዋጋቸውም የሚቀመስ አይደለም።

ነገር ግን አይፒኤፍ ከ200ዎቹ አንዱ ነው። ከእርግብ ወይም ከዶሮ የመጣ ከሆነ፣ ቶሎ ከተደረሰበት ወፎቹን ማራቅ ራሱ ሕክምና ነው፤ ዋጋው ባዶ ነው። ከመድኃኒት የመጣ ከሆነ ሐኪሙ መድኃኒቱን ይቀይራል። ሳርኮይዶሲስ ከሆነ በተራው ፕሬድኒሶሎን የሚሻላቸው ብዙ ናቸው።

ደግሞ አለማወቅ ይጎዳል። "ዓይነቱን አላወቅነውም፣ ለማንኛውም ፕሬድኒሶሎን እንስጥ" የሚለው ልማድ ደግነት ይመስላል። ለአይፒኤፍ ፕሬድኒሶሎንን ከአዛታዮፕሪን ጋር አዳብሎ መስጠት ለዓመታት የተለመደ ሕክምና ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ፓንተር የተባለው ጥናት ሲወጣ ግን ይህን ድብልቅ የወሰዱት ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ይልቅ ብዙ ሞቱ፤ ያ የጥናቱ ክፍል ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ። መምህርቷ ዘንድ ስንመጣ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የነጡት ጣቶች፣ ጠበቅ ብሎ መቆንጠጥ ያቃተው የእጃቸው ቆዳ፣ የዓመታት ቃራቸውና የደም ምርመራው ተደምሮ ያለባቸው ስክሌሮደርማ ሆኖ ተገኘ። በዚህ በሽታ ፕሬድኒሶሎን በብዛት መስጠት ኩላሊትን በድንገት ሊያጠፋ ይችላል። አንዱን የሚያድነው ሌላውን ይገድላል። ስለዚህ "ስሙን ማወቅ ምን ይጠቅማል?" ለሚለው መልሴ ይሄ ነው።

ትንሽ ስለ ራሳችሁ። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ከእናንተ መካከል አሁን የቲቢ መድኃኒት እየወሰዳችሁ ያላችሁ አትርሱ፤ መድኃኒት አታቁሙ! ባክቴሪያው አክታችሁ ላይ ተገኝቶ ከሆነ ቲቢ ነው፣ አለቀ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ካለባችሁም ቲቢ መጀመሪያ መታሰቡ ትክክል ነው። እኔ የማወራው ባክቴሪያው ሳይገኝ ለተጀመረለት ሰው ነው። እንደዚያ ከሆናችሁ፣ 2 ወር ወስዳችሁ ሳሉም ድካሙም ቅንጣት ካልተለወጠ፣ ተመለሱና "ዶክተር፣ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል?" በሉ። ሐኪም ላይ መነሣት አይደለም። ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቀየምም፤ የሚቀየም ካለ ችግሩ የእናንተ አይደለም። ጨርሳችሁ ያልተሻላችሁ ደግሞ ሁለተኛ ዙር ከመጀመሩ በፊት ካልቸር የሚባለው ባክቴሪያውን የማሳደግ ምርመራና ኤችአርሲቲ ይታሰብ እንደሆነ ጠይቁ። ጂን ኤክስፐርት ከሕክምና በኋላ የሞተ ባክቴሪያንም ሊያነብ ስለሚችል በድጋሚ ጊዜ ብቻውን ላያስተማምን ይችላል።

ድንጋይ ቤት፣ ሲሚንቶ፣ ኮብልስቶን ጠረባ የሚሠራ ወንድም ያላችሁ፣ "ሥራህ ምንድን ነው?" ብለው ካልጠየቁት ራሱ ይናገር። "የቀን ሠራተኛ" አይበል። "ድንጋይ እጠርባለሁ፣ 15 ዓመት ሆነኝ" ይበል።

መምህርቷ አሁን ማይኮፌኖሌት የሚባል መድኃኒት ላይ ናቸው። ከዓመት በኋላ ያስነፋናቸው ስፓይሮሜትሪ ከመጀመሪያው አልወረደም፤ በዚህ በሽታ አለመውረድ ትልቅ ነገር ነው። የጠፋው ግን አልተመለሰም። አራተኛ ፎቁን አከራይተው ምድር ቤት ተከራይተዋል። ባለፈው ለክትትል ሲመጡ የሱፍ ጓንት አጥልቀው ነበር። ነርሷ መለኪያውን ይዛ ስትቀርብ ሳይጠየቁ ጓንቱን አወለቁና እጃቸውን አሻሹ። "ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ላሙቀው" አሏት።